ምንጣፉ የወረደ ዕለት

ዐብዱኑር ኮሌጅ ለመድረስ በግንብ የታጠረችው አሮጌዋ ሐረር፣ ጁገል፣ መግባት አያስፈልገውም ነበር። በማለዳ ከድሬ ጠያራ ከእናቱ ጋር ይመጣል፤ በጁገል መግቢያ፣ ሸዋ በር ላይ፣ የማንጎና የጊሽጣ ዘንቢሎቿን ያወርድላታል፤ ወደ ኮሌጁ የሚሄደው ሚኒባስ ደግሞ እዚያው አፍንጫው ሥር ነው የሚቆመው። ተሳፍሮ መሄድ ነው። እሱ ግን የረሳሁት ነገር አለ ይልና፣ እናቱ ዘይነባ «ዛሬስ ምን ረሳህ?» እያለችው በበሩ ይገባና ቁልቁል ይወርዳል። መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ በኩል፣ የልብስ ሰፊዎቹ ማሽን ግራና ቀኝ ሲንጫጫ ያልፋል፤ ሮዝ ቀለም የተቀባ ግንብ ጋ ሲደርስ ይታጠፋል። ከዚያ መንገዱ ይጠብባል፣ ድምፅ ይርቃል፣ ጠዋቱ ራሱ እንቅልፉን ያልጨረሰ ይመስላል። አንድ አረንጓዴ በር አጠገብ ሲደርስ እርምጃው በራሱ ጊዜ ይዘገያል።

አይቆምም፤ መቆም ነውር ነው። ጉሮሮውን ብቻ ይጠርጋል። ያኔ በሩ ይከፈትና ናዝራ ደብተሮቿን ደረቷ ላይ አቅፋ ትወጣለች። አንድ ጊዜ፣ አንዴ ብቻ ታየዋለች፤ ከዚያ ሻርፗን አስተካክላ ከፊት ከፊት ትሄዳለች። እሱ ራቅ ብሎ ይከተላል። ቃል አይለዋወጡም። ሚኒባስ ውስጥ እንኳ ለየብቻ ነው የሚቀመጡት። ዐብዱኑር ግን ስለዚያች አንዲት የጠዋት እይታ ቀኑን ሙሉ ሲያስብ መዋል ይችላል፤ ይውላልም።

ኮሌጅ ሲደርሱ ነገሩ ይለወጣል። እዚያ የማኔጅመንት ተማሪዎች ናቸው፤ እሱ የክፍሉ አንደኛ፣ እሷ ሁለተኛ። አብሮ ማጥናት ማንንም አያስቆጣም። ግቢው ውስጥ ጃካራንዳ ዛፍ ሥር ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ መጽሐፍ መሐላቸው አስቀምጠው ይቀመጣሉ። ሐምራዊው አበባ ገጹ ላይ ይረግፋል፤ እነሱም አበባው እንዳይወድቅ ገጹን ሳይገልጡ ይቆያሉ። መምህሮቻቸው ይህን ቢያዩ እነዚህ ልጆች እንዴት አንደኛና ሁለተኛ ሊወጡ ቻሉ ብለው መገረማቸው አይቀርም ነበር።

በዚያ ግንቦት፣ ሦስተኛ ዓመታቸውን ሊጨርሱ ሲሉ፣ ኮሌጁ ለጎበዝ ተማሪዎቹ ሁለት ዕድል ይዞ መጣ። አንደኛው ቱርክ አገር፣ በባሕር ዳርቻ ባለ ከተማ የሚሰጥ የአንድ ዓመት ስኮላርሺፕ ነው። ሁለተኛው ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ ፍራፍሬና አትክልት በሚልክ ድርጅት ውስጥ የሚሠራ ኢንተርንሺፕ ነው፤ እዚያ ያስመሰገነ ተማሪ ሲመረቅ እዚያው ይቀጠራል። ለእያንዳንዱ የሚፈለገው አንድ ሰው ብቻ ነው። ደንቡ ቀላል ነበር። አንደኛ የወጣው የፈለገውን ይመርጣል፤ የቀረው ለሁለተኛው ይሆናል፤ ሁለተኛው አልፈልግም ካለ ለሦስተኛው ያልፋል።

«ምረጥ እንግዲህ፣ ጌታው» አለችው ናዝራ በዚያ ሰሞን፣ ከመጽሐፉ ላይ አበባ እያነሳች።

«የመረጥኩትን ታውቂው የለ?»

«ከአፍህ ልስማው።»

«ድሬዳዋ። እናቴ ጠዋት የምትኮራበትን ማንጎ ከሰዓት በኋላ ለስልሶባት ለፍየል ስትሰጠው ነው ያደግኩት። ያ ማንጎ ሳይበላሽ እስከ ጅቡቲ ባሕር እንዴት እንደሚደርስ ማየት እፈልጋለሁ። ባሕሩ ራሱ ግን የአንቺ ነው።»

ናዝራ ዓይኗን ጨፈነች። «ማታ ማታ መስኮቴን ከፍቼ ስተኛ፣ ነፋሱ ሲመጣ ባሕር እንዲህ ይሆናል ወይ እላለሁ» አለች። ከዚያ ዓይኗን ገለጠች። «አባቴ ግን ያላገባች ልጅ ብቻዋን ባሕር አትሻገርም ብሏል። እሱ ደግሞ ቃሉን አያጥፍም።»

«የምንመርጠው እኮ ረቡዕ ነው። እስከዚያ ቀን አለ።»

«ኢንሻአላህ» አለች። ግን ድምጿ ውስጥ ተስፋ አልነበረም።

የናዝራ አባት ሐጂ ዐብዱልዋሲዕ ጁገል ውስጥ የታወቀ የጨርቅ ሱቅ አላቸው። ዐብዱኑር ቤታቸውን አንድ ጊዜ ገብቶበት ያውቃል። የክፍሉ ልጆች ስለ ሱቁ አንድ ጥናት ሠርተው ሲጨርሱ ሐጂ ሁሉንም ምሳ ጋበዟቸው። ግድግዳው በባለ ቀለም ሰፌድና በሳህን ተሞልቶ ነበር። ዐብዱኑር ወደ በሩ ፊቱን አዙሮ ተቀመጠና ቀና ሲል፣ ከበሩ በላይ፣ ከውስጥ በኩል ባለው አግዳሚ እንጨት ላይ፣ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ቀይ ምንጣፍ አየ። በማግስቱ ጃካራንዳው ሥር ምን እንደሆነ ጠየቃት።

ናዝራ ፊቷ ቀላ። «እኔ ነኝ እሱ» አለችው።

«እንዴት?»

«ያልታጨች ልጅ ያለችበት ቤት ከበሩ በላይ ምንጣፍ ጠቅልሎ ያስቀምጣል። ልጅቷ ስትታጭ ይወርዳል። የድሮ ነገር ነው፤ ዛሬ ብዙ ቤት ትቶታል። እናቴ ግን የእናቷን ልማድ አትተውም። ይኸው በሱ የተነሳ በየሳምንቱ አንዷ አክስት የአንዱን ነጋዴ ልጅ እያመሰገነች ትመጣለች።»

«እኔም ታዲያ አይቼዋለሁ» አላት እየሳቀ።

እሷ ግን አልሳቀችም። «አንተም አይተኸዋል» አለችው።

የፍራፍሬ ነጋዴ ልጅ፣ ያውም ከገጠር፣ የሐጂ ዐብዱልዋሲዕን ልጅ ልጠይቅ ቢል የመኪና ግርግር ሰፊዎች ሁሉ ማሽናቸውን አቁመው ይስቁበት ነበር። ይህን ዐብዱኑር አሳምሮ ያውቃል። ቢሆንም ከዚያ ቀን ወዲህ ድሬ ጠያራ ቤታቸው ጋደም ሲል የሚታየው ያ ቀይ ምንጣፍ ነው። እዚያ እስካለ ድረስ እሷም እዚያ ናት፤ ማንም አልወሰዳትም። በዚህ ሐሳብ እንቅልፍ ይወስደዋል፤ እንቅልፉም ይጣፍጠዋል።

*

ማክሰኞ ጠዋት አረንጓዴው በር አልተከፈተም፤ ናዝራ ኮሌጅም አልመጣችም። ከሰዓት በኋላ ዐብዱኑር ያዋሰችውን መጽሐፍ ለመመለስ ብሎ አረንጓዴውን በር አንኳኳ። መጽሐፉ ሰበብ ነው፤ ቢመለስም ባይመለስም የሚቸኩልለት ሰው አልነበረም።

በሩን የከፈቱት እናቷ ሐሚዳ ናቸው። ዓይናቸው ቀልቷል፤ ግን ፈገግ ይላሉ።

«ና ግባ ልጄ፣ ፀሐይ ላይ አትቁም» አሉት። «ናዝራ ከአባቷ ጋር ድሬዳዋ ወርዳለች። ዛሬ የቤታችን ነገር... አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ። ቆይ የሚጠጣ ላምጣልህ።» እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው ወደ ጓዳ ገቡ።

ዐብዱኑር ተቀመጠ። ቤቱ ቀዝቃዛና ጸጥ ያለ ነው። ብርሃን በበሩ ገብቶ ቀዩ ወለል ላይ ተኝቷል። ቀስ ብሎ ቀና አለ።

እንጨቱ ባዶ ነበር።

መጀመሪያ ሌላ ቦታ ያየ መሰለው። ዓይኑን ወደ ግድግዳው አዙሮ እንደገና መለሰው። ምንጣፉ ለዓመታት ተቀምጦበት የነበረው ስፍራ ከሌላው ግድግዳ ነጣ ብሎ ይታያል። ሌላ ምንም የለም። የእናቲቱ እንባ፣ ፈገግታቸው፣ ልጅና አባት አብረው ድሬዳዋ መውረዳቸው... ድሬዳዋ የሠርግ ልብስ የሚገዛበት ከተማ ነው። ሁሉም ነገር አንድ ላይ ገጠመለት፤ ናዝራ ታጭታለች።

አንዲት ቃል ጠይቆ ቢሆን ኖሮ ጣጣው እዚያው ባለቀ ነበር። ግን እንዴት አድርጎ ይጠይቃል? ባዕድ ወንድ ልጅ ገብቶ «ልጅዎ ታጨች እንዴ?» ይበል? የሚባልም አይደለም። ደግሞ መልሱን መስማት ፈራ። ሐሚዳ የሎሚ ጭማቂ ይዘው ሲመጡ ብርጭቆውን ተቀብሎ ወደ ከንፈሩ አስጠጋው፤ ሳይቀምሰው መልሶ አስቀመጠው።

«አመመህ እንዴ ልጄ?»

«ደህና ነኝ። ሚኒባስ እንዳያመልጠኝ ብዬ ነው። መጽሐፉን... ይኸው እሷ ስትመጣ...»

ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ወጣ። በዚያች ጠባብ መንገድ ሲመለስ ግንቦቹ በከሰዓቱ ፀሐይ ወርቅ መስለው ነበር፤ ልጆች እየተሯሯጡ ያልፉታል፤ አንዲት ሴትዮ ከሰገነት ሆና ትዘፍናለች። ከተማው ከመቼውም ይልቅ አምሮበት ነበር፤ ያ ነው አንጀቱን ያሳረረው።

*

ረቡዕ ጠዋት የእናቱን ዘንቢል አውርዶ ወደ ጁገል አልገባም። ዘይነባ ገርሟት አየችው። «ዛሬ የረሳኸው ነገር የለም?»

«የለም፣ እማ።» ስልኩን ዘግቶ ሚኒባስ ውስጥ ገባ።

የኮሌጁ ዲን ዶክተር ሥርጉት ቢሯቸውን ገና መክፈታቸው ነበር። ቀልድና ቁጣ እኩል የሚያውቁ ሴት ናቸው።

«ድሬዳዋ፣ አይደል?» አሉ ብዕራቸውን አንስተው። «ወሩን ሙሉ ስለ ማንጎ ስታወራኝ ከርመሃል።»

«ቱርክ» አለ ዐብዱኑር።

«ምን?»

«ቱርክን መርጫለሁ።»

ዶክተር ሥርጉት መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ተመለከቱት። «አስበህበታል?»

አላሰበበትም። ያሰበው ስለ ርቀት ብቻ ነው። ድሬዳዋ ቅርብ ናት፤ ከድሬዳዋ የሠርግ ዘፈን ይሰማል፤ ከድሬዳዋ ሐረር ለሚወለድ ሕፃን እንኳን ደስ አላችሁ ሊባል ይመጣል። ደግሞም እሷ ባሕር ማዶ ካልሄደች፣ ባል አግብታ ከቀረች፣ ቱርክ ለማን ሊተው ነው? እንዲህ ብሎ ራሱን አሳመነ። የተናደደ ሰው ለራሱ ጥሩ ጠበቃ ነው።

«አስቤበታለሁ» አለና ፈረመ። ከዚያ ቤተ መጻሕፍቱ ጥግ ገብቶ ተቀመጠ፤ ሰዓት እስኪደርስ አንድም ገጽ አልገለጠም።

ከሰዓት በኋላ የኮሌጁ አዳራሽ ሞላ። የዓመቱ ጎበዝ ተማሪዎች የክብር ሽልማት ይሰጣቸዋል፤ ዕድል የደረሳቸውም ስማቸው ይጠራል። «የቱርክ ስኮላርሺፕ፣ ዐብዱኑር!» ሲባል ጭብጨባው ቀለጠ። ወደ መድረኩ ወጣ። ወረቀቱን ተቀብሎ ዘወር ሲል ናዝራን አያት፤ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ዓይኖቿ ደርቀው፣ እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ ተቀምጣለች። ሁሉም ሲያጨበጭብ እሷ አላጨበጨበችም።

«የድሬዳዋው ኢንተርንሺፕ፣ ሊድያ!»

ሊድያ ሦስተኛ የወጣችው ልጅ ናት። ዐብዱኑር ወዲያው ደመደመ። እንግዲህ ናዝራ ድሬዳዋንም አልፈለገችም ማለት ነው። ሙሽራ ኢንተርንሺፕ ምን ያደርግላታል! ጥርጣሬ ቢጤ ቀርታበት ከነበረች ያችም እዚያው ጠፋች። ከአዳራሹ የወጣው ማንንም ሳያይ ነው።

ደረጃው ላይ ከኋላው ደረሰችበት።

«እንኳን ደስ አለዎት» አለችው።

አንቱ አለችው። ዐብዱኑር ከዚህ የባሰ ስድብ ሰምቶ አያውቅም።

«ለአንቺም» አለ እንደምንም። «ለአንቺም እንኳን ደስ አለሽ።»

«ምን አግኝቼ?»

«ተይ ናዝራ። አውቄያለሁ።»

«ምኑን ነው ያወቁት?»

«ምንጣፉ ወርዷል!» ድምፁ ከፈለገው በላይ ጮኸ። «ትናንት ቤታችሁ ነበርኩ። እንጨቱ ባዶ ነው። እናትሽ በደስታ ያለቅሳሉ። አንቺ ከአባትሽ ጋር ልብስ ልትገዢ ሄደሻል። ቢያንስ ከአፍሽ መስማት አይገባኝም ነበር?»

ናዝራ አፏ ተከፍቶ ቀረ። ከዚያ ደረጃው ላይ ቁጭ አለችና ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየለት ድምፅ አወጣች።

«ማን እንዳወረደው ታውቃለህ?» አለችው። አንቱታው ቀርቷል። «ቃሉን የማያጥፈው አባቴ፤ ሌሊቱን ሲያስብ አድሮ ሐሳቡን ለወጠ። ትናንት ከሱብሒ ሶላት ሲመለስ፣ ልብሱን እንኳ ሳይቀይር፣ በርጩማ ላይ ወጥቶ በገዛ እጁ አወረደው። ‹ልጄ ለትምህርት ባሕር ልትሻገር ነው፤ እስክትመለስ ድረስ ማንም ሊጠይቀኝ በሬን እንዳያንኳኳ› አለ። እናቴ ቀኑን ሙሉ ስታለቅስ ዋለች። እኔና እሱ ድሬዳዋ የወረድነው ለፓስፖርት ነው፣ ዐብዱኑር። ለፓስፖርት።»

ዐብዱኑር የሚይዘው ፈለገና የደረጃውን ብረት ጨበጠ። «ለምን አልደወልሽልኝም?»

«እንዲህ ያለ ነገር በስልክ ይነገራል? ጠዋት ስትመጣ ልነግርህ ነበር። ሰው አየ አላየ ሳልል፣ በሩ ላይ ቆሜ፣ ፊትህን እያየሁ። ሌሊቱን የምለውን ስደረድር ነው ያደርኩት። ቆሜ ጠበቅኩህ። የልብስ ሰፊዎቹ ማሽን ጀመረ፤ ልጆች ትምህርት ቤት ገቡ። አንተ ግን አላለፍክም። እዚህ ስደርስ ዶክተር ሥርጉት ‹ቱርክ ተወስዷል፤ ድሬዳዋን ትፈልጊያለሽ?› አሉኝ። ማን እንደወሰደው ሲነግሩኝ መቀመጫ ፈለግኩ።»

«ድሬዳዋንስ ለምን ተውሽው?»

«ያንተ ነበራ!» ብላ ጮኸችበት። እንባዋ ያኔ መጣ። «ያንተን ሕልም ለብሼ ልዞር? ወላሂ፣ ባሕሩን ስለወሰድክብኝ አይደለም ያለቀስኩት። አንድ ቃል ሳትጠይቀኝ ስለሄድክ ነው። አንድ ቃል፣ ዐብዱኑር።»

ይህ ትክክል ነበር። ዐብዱኑር በሦስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው እያየ፣ መጽሐፍ መሐላቸው ሳይኖር አጠገቧ ተቀመጠ፤ እሷም ወደዚያ ፈቀቅ አላለችም። እንደዚያ ተቀምጠው፣ ከአዳራሹ የሚወጣው ሕዝብ ግራና ቀኝ እያለፋቸው፣ ሁለቱም በአንድ ሐዘን ውስጥ መሆናቸው ብቻ ለጊዜው አጽናናቸው።

*

መጀመሪያ የተነሣው እሱ ነው።

«ወዴት?» አለችው።

«ዶክተር ሥርጉት ጋ። ወረቀቱን ዛሬ ነው የሚልኩት። ገና ሳይላክ...»

«እንዳታደርገው!» እጅጌውን ያዘችው። «ድሬዳዋ ለሊድያ ተሰጥቷል፤ አይመለስም። ቱርክንም ከለቀቅክ ባዶ እጅህን ነው የምትቀረው። አንደኛ ወጥተህ ባዶ እጅህን! እናትህን ምን ልትላቸው ነው?»

ዐብዱኑር ይህን አላሰበም ማለት አይቻልም። ዘይነባ ለእሱ ትምህርት ስትል ስንት ክረምት በዝናብ ሸዋ በር ላይ እንደተቀመጠች ያውቃል። ድሬ ጠያራ ያሉት ጎረቤቶች ዛሬ ማታ ምን ይዞ መጣ ብለው ይጠብቁታል። ቱርክ ቢል ዘፈን ይነሣል። ምንም ቢል ግን... ይህን ሁሉ አሰበ። ከዚያ መስኮቷን ከፍታ ነፋሱን ባሕር እያለች የምትተኛዋን ልጅ አሰበ።

«ነይ» አላት።

ዶክተር ሥርጉት ፖስታውን እያሸጉ ነበር። ነገሩን ሰምተው ሲያበቁ ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«እንዲህ ያለ ዕድል ተመልሶ ይመጣል ብለህ ነው?»

«አይመስለኝም።»

«ለሚቀጥለው ዓመት ቃል አልገባልህም። የማላውቀውን ተስፋ አልሰጥም።»

«ገብቶኛል፣ ዶክተር።»

«ጠዋት አስቤበታለሁ ብለኸኝ ነበር እኮ።»

«ተሳስቼ ነው። የሆነ... ምንጣፍ አይቼ ተሳሳትኩ።»

ዶክተር ሥርጉት የሐረር ልጅ ናቸው። በሩ አጠገብ የቆመችውን ናዝራን አዩ፤ እሱን አዩ፤ እንደገና እሷን አዩ። የገባቸው ነገር ያለ ይመስላል፤ ምክንያቱም የቤት ዕቃና ስኮላርሺፕን ምን አገናኛቸው ብለው አልጠየቁም።

«ናዝራ» አሉ። «እሱ ከለቀቀ ተራው የአንቺ ነው። ትቀበያለሽ?»

ናዝራ ወደ ውጭ ተመለከተች። በመስኮቱ በኩል ከግቢው የተማሪዎች ሳቅ ይሰማል።

«አዝኖልኝ ከሆነ አልቀበልም» አለች በመጨረሻ። «የማንም ምጽዋት አያሻኝም።»

«አላዘንኩልሽም» አለ ዐብዱኑር። «ከመጀመሪያውም ያንቺ ነበር። ተናድጄ ወሰድኩብሽ። የሰው ነገር የወሰደ ሰው ሲመልስ ለገሰ ይባላል? ይልቅ ተቀበይኝና ይቅለለኝ።»

ናዝራ አየችው። የጠዋቷ ዓይነት እይታ አልነበረም፤ የቆጠበችውም የደበቀችውም ነገር የለበትም። ዶክተር ሥርጉት እንኳ ወረቀት የጠፋባቸው መስለው መሳቢያ ውስጥ አጎነበሱ።

«እቀበላለሁ» አለች።

ዐብዱኑር ስሙን ሰርዞ ፈረመ። በሕይወቱ የሠራቸውን ፈተናዎች ሁሉ አንድ በአንድ ያስታውሳል፤ እንዲህ በሙሉ ልቡ ፈርሞ ግን አያውቅም። ከቢሮው ሲወጣ እጁ ባዶ ነበር፤ ግን አልከፋውም፣ እንዲያውም ትናንት ከዚያ ቤት ከወጣ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሹ እስከ ሆዱ ወረደ።

*

በዚያ ቀን ሚኒባስ ውስጥ አንድ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ምንም አላወሩም። መስኮቱ ክፍት ነበር፤ የሻርፗ ጫፍ በነፋሱ እየተነሣ ትከሻው ላይ ያርፋል፤ እሱም አላነሣውም። የከተማው ቤቶች፣ ዛፎቹ፣ ቆመው የሚያወሩት ሰዎች ሁሉ ውኃ ውስጥ ያሉ ይመስል ቀስ እያሉ አለፉ። ሐሳቡ ወደ መስከረም ሄደ፤ ያኔ ይህ ወንበር ባዶ ይሆናል። መኪናው እንዳይቆም ተመኘ።

ቆመ። ሸዋ በር።

የዐስር ሰዓት ገበያ ነው። ባጃጁ፣ ረዳቱ፣ ሻጩ ሁሉ ይጮኻል። ዘይነባ ከዘንቢሎቿ መሐል ብድግ አለች።

«እህስ? የትኛው ሆነ? ቱርክ ነው ድሬዳዋ?»

«እዚሁ ነኝ፣ እማ» አለ ዐብዱኑር። «ዘንድሮ አልሆነም።»

ዘይነባ ልጇን አየችው። ፊቷ ላይ የወደቀውን ቅሬታ ቶሎ ብላ አነሣችው፤ ግን እሱ ቀድሞ አይቶታል። «እሺ» አለች። «እሺ፣ ጤና ይስጥህ እንጂ።» ጎንበስ ብላ ቀድሞውንም የተስተካከለውን ማንጎ ማስተካከል ጀመረች።

ዐብዱኑር ናዝራ ወደ ቤቷ የሄደች መስሎት ነበር። ሁልጊዜ እዚህ ጋ ነው የሚለያዩት፤ ከዚህ በኋላ ጁገል ነው፣ ከዚህ በኋላ የሚያውቋት ዓይኖች ናቸው። ዘወር ሲል ግን ከኋላው ቆማለች። አልፋው ሄደች። ለሽልማቱ የለበሰችውን ቀሚስ ሰብሰብ አድርጋ ዘንቢሎቹ መሐል፣ መሬት ላይ፣ በጉልበቷ ተንበረከከችና በማንጎ የተለወሰውን የዘይነባን እጅ ይዛ ሳመችው።

«አካም ጅርቱ?» አለች፣ በዘይነባ ቋንቋ በኦሮምኛ ደህንነቷን እየጠየቀች።

ዘይነባ እጇን ልትነጥቅ ሞከረች። «ተይ ልጄ! ቀሚስሽ! ማን ነሽ አንቺ?»

«ናዝራ እባላለሁ። የሐጂ ዐብዱልዋሲዕ ልጅ ነኝ።»

ጎን ለጎን ሽንኩርት የሚሸጡት ሴቶች ዘወር አሉ። ሎሚ ስትመርጥ የነበረች አንዲት የጁገል ሴት መምረጧን አቆመች።

«ልጅዎ ሁለቱም ዕድል በእጁ ነበር» አለች ናዝራ። «የመረጠውን ለእኔ መልሶ ነው ባዶ እጁን የመጣው። እንዳይቆጡት። መቆጣት ካለብዎ እኔን ይቆጡኝ።»

ዘይነባ ልጇን ቀና ብላ አየች። በየማለዳው ረስቶ የሚመለስለት ነገር ምን እንደነበረ አሁን የገባት ይመስላል። ቁጣ አልነበረባትም። ግን ዝም ብላ የምታልፍ ሴት አይደለችም።

«ይሰሙሻል እኮ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ሰው ሁሉ እያየሽ ነው። ወሬው ካንቺ ቀድሞ አባትሽ ጋ ይደርሳል።»

«ይድረስ» አለች ናዝራ። «ማታ እኔም እነግረዋለሁ። እስክመለስ ማንም እንዳይጠይቀው ብሏል፤ ቃሉን አከብራለሁ። እኔ ግን የምለምንዎት ነገር አለ። አንድ ዓመት ሩቅ አገር እሄዳለሁ። እስክመጣ ድረስ አደራ ይጠብቁልኝ።»

«ምኑን ነው የምጠብቅልሽ?»

ናዝራ ዙሪያዋን አየች። የሽንኩርት ሻጮቹን አየች፤ ሎሚ የያዘችውን ሴት አየች፤ ከሚኒባሱ በር ተንጠልጥሎ መጥራቱን የረሳውን ረዳት አየች። ፊቷ እስከ ጆሮዋ ቀላ። ዓይኗን ግን አልሰበረችም።

«ዐብዱኑርን» አለች፣ ገበያው ሁሉ እየሰማት።

ዘይነባ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ የናዝራን ፊት በሁለት እጇ ያዘች። ብዙ ጊዜ አየቻት። «እጠብቅልሻለሁ» አለች። «ግን ቶሎ ነይ ልጄ፤ ብዙ ነው የሚበላው።»

ሴቶቹ ሳቁ። ናዝራም እያለቀሰች ሳቀች። ዐብዱኑር ስሙን በዚያች ልጅ አፍ፣ በቀን ብርሃን፣ በገበያ መሐል ሰምቶ አያውቅም። ቆሞ መስማት አቃተውና፣ ደስታው ከብዶት፣ ማንጎዎቹ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አለ።